ቃሉና ባልንጀራው፦ በአዊ ምድር የእግዚአብሔርን ቃል ስለ መቀበልና ስለ መኖር

የእግዚአብሔር ቃል በአንድ ክርስቲያን ዘንድ ሥር መስደዱን ማን ያውቃል ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ እግዚአብሔርና ሰውየው ራሱ ናቸው የሚል ነው። መልሱ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ጎዶሎ ነው፤ ቅዱስ መጽሐፍ ከሁለቱ ሌላ ሦስተኛ ምስክር ያቆማልና፤ እርሱም ባልንጀራው ነው። የቀራጮች አለቃ የነበረው ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለበት ቀን፣ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 እንደ ተጻፈው፣ ከሀብቱ እኩሌታውን ለድኾች ሊሰጥ፣ በግፍ የወሰደውንም አራት እጥፍ አድርጎ ሊመልስ ቃል ገባ፤ ስለዚህ የዚያን ቤት መዳን ከሁሉ አስቀድመው በእጃቸው የሚዳስሱት በኢያሪኮ ከተማ በእርሱ የተበደሉት ሰዎች ነበሩ። ይህ ትምህርት የሚያተኩረው በዚህ በሦስተኛው ምስክር ላይ ነው፤ ቃሉ ከተነበበበት ከቤተ መቅደስ ተነሥቶ ወደ ጎረቤት ደጃፍ፣ ወደ እርሻ ወሰንና ወደ ቀን ሠራተኛ ምንዳ እንዴት እንደሚደርስ፣ ወይም በመንገድ ላይ እንዴት እንደሚቀር፣ በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ ባለው የክርስትና ኑሮ ይመረመራል።

የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና የሚያልፍበት ደጋና ወይና ደጋ የበዛበት አገር ሲሆን፣ ዋና ከተማው እንጅባራ፣ ኮሶበር በሚለው ስሟም የምትታወቀው፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ዳንግላ ደግሞ ከእርሷ በስተ ሰሜን ዝቅ ባለው ምድር ላይ ትገኛለች። ሕዝቡ ሰባቱ ቤት አገው በሚል የወል ስም ይጠራል፤ ይህም አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ጫራ፣ ኳኩራ፣ መተከልና ዚገም የተባሉትን ሰባት የትውልድ ቤቶች የሚያጠቃልል ስያሜ ነው። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የዞኑን ነዋሪ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ አድርጎ የመዘገበ ሲሆን፣ ከ100 ነዋሪ ከ90 የሚበልጠው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አማኝ ነው። የአገው ሕዝብ ከቃሉ ጋር ያለው ትውውቅ የትናንት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. እስከ 1270 ድረስ በላስታ የነገሡት የዛጉዌ ነገሥታት፣ እነ ይምርሐነ ክርስቶስ፣ እነ ላሊበላና እነ ነአኵቶ ለአብ፣ አገው ነበሩ፤ የሰባቱ ቤት ትውፊትም የአባቶቹን መነሻ ከላስታ ያደርሳል፤ በጎጃም በኩል ባለው የአገው ምድርም ክርስትና በተለይ ከ16ኛውና ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ በስፋት ተተክሏል። እንግዲህ በዚህ አገር ቃሉ አልተሰማም ለማለት የሚደፍር የለም፤ መጠየቅ የሚገባው ከተሰማ በኋላ ምን እንደ ሆነ ነው።

የቃሉ ታሪክ በዚህ ምድር በአብዛኛው የጆሮ ታሪክ ነው። የታተመ ቅዱስ መጽሐፍ በገበሬው ቤት መታየት የጀመረው በቅርብ ትውልድ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በነበሩት መቶ ዓመታት መጽሐፍ ማለት ቆዳው ተወጥሮ፣ ተፍቆና ተሰምሮ በቁም ጸሐፊ እጅ የሚጻፍ ብራና ስለ ነበረ፣ አንድ የወንጌል መጽሐፍ የብዙ ፍየሎችን ቆዳና የብዙ ወራትን ድካም ይጠይቅ ነበር፤ አንድ ደብር ካሉት ጥቂት መጻሕፍት በቀር ሌላው ሁሉ የሚቀመጠው በሰው ልብ ነበር። ይህን በልብ የማኖር ሥራ የሚሠራው የአብነት ትምህርት ቤት ነው፤ የአብነት ትምህርት የሚባለው ተማሪው መምህሩን እያየና እየሰማ፣ አብዛኛውንም በቃሉ እያጠና የሚማርበት ጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሲሆን፣ ከንባብ ቤት ተነሥቶ በዜማ ቤትና በቅኔ ቤት አልፎ መጽሐፍ ቤት እስከሚባለው የትርጓሜ ደረጃ ይዘልቃል። ሕፃኑ ፊደል ከለየ በኋላ የዮሐንስን መልእክትና ወንጌል እያነበበ ምላሱን ያፍታታል፤ 150ውን መዝሙር አንብቦ የጨረሰ ዕለትም ዳዊት ደገመ ተብሎ ወላጆቹ ደስ ይላቸዋል።

ትምህርቱን በሌላ አገር የሚከታተለው የቆሎ ተማሪ፣ እንደ ዋሸራ ወዳሉት ስመ ጥር የጎጃም የቅኔ ጉባኤ ቤቶች የሚሄደውም ሆነ ወደ አዊ የሚመጣው፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶና የውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ በእመቤታችን ስም እየለመነ ከደጅ ደጅ ይዞራል። ውሾቹ ይጮኻሉ፤ ልጆች ይወጣሉ፤ ከዚያም የቤቱ እመቤት እጇን በቀሚሷ አብሳ ከሞሰቡ ቁራሽ እንጀራ፣ ጊዜው ክረምት ከሆነም ጥቂት የተቀቀለ ድንች ታመጣና በአኩፋዳው ውስጥ ትጨምራለች። ይህ ነገር ከምጽዋት በላይ መታየት አለበት። ፊደል ያልቆጠረችው፣ የቅኔውን ምሥጢርም ሆነ የዜማውን ስልት ያልተማረችው ይህች ሴት፣ የእግዚአብሔር ቃል ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው የተሻገረበትን ዋጋ በየቀኑ ስትከፍል ኖራለች፤ መንግሥት ለአብነት ትምህርት ቤቶች በጀት ባልመደበበት፣ የታተመ መጽሐፍም ባልነበረበት ዘመን ጉባኤ ቤቶቹ የቆሙት በእርሷ ቁራሽ ነው። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፍት ስለ መምህራኑ ስም ብዙ ሲደክሙ ስለ እነዚህ እጆች ጥቂት መጻፋቸው የሚያስቆጭ ነው፤ ቃሉን መቀበል የሚጀምረው ከማንበብ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይህችን ሴት የት እንደሚያስቀምጣት ሊያስብበት ይገባል።

የአብነት ትምህርት የመጨረሻ ደረጃ የሆነው ትርጓሜ አንድምታ በመባል ይታወቃል፤ አንድምታ ማለት መምህሩ የቅዱስ መጽሐፍን ንባብ ኃይለ ቃል በኃይለ ቃል እያነሣ፣ ለእያንዳንዱም አንድም እያለ ከአንድ በላይ ፍቺ የሚሰጥበት የትርጓሜ ስልት ነው። በዚህ ስልት ያደገ መምህር አንድን ቃል አንድ ጊዜ ሰምቶ ጨረስሁት አይልም፤ ከታሪኩ ወደ ምሥጢሩ፣ ከምሥጢሩ ወደ ምግባሩ ይሄዳል፤ ተማሪውም ይጠይቃል፤ መምህሩም ይመልሳል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈው የኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ታሪክ የዚህ መንገድ ጥንታዊ ምሳሌ ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል፤ ጃንደረባው በሠረገላው ተቀምጦ የኢሳይያስን መጽሐፍ ሲያነብ ፊልጶስ የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ ጠየቀው፤ እርሱም ያለ መሪ ማስተዋል እንደማይችል ሳያፍር ተናገረ፤ ነቢዩ ስለ ማን እንደ ተናገረም ጠየቀ፤ ከተማረ በኋላ ደግሞ ውኃ ባየ ጊዜ ጥምቀትን የለመነው ራሱ ነው። ማንበብ፣ አለማወቅን መግለጥ፣ መጠየቅና ወዲያው ማድረግ በአንድ ጉዞ ውስጥ ተከናወኑ።

ይህ ቅደም ተከተል በተራው ምእመን ዘንድ የተሟላ አለመሆኑን መናገር ተገቢ ነው። በቅዳሴ ጊዜ ከቅዱስ ጳውሎስ መልእክታት፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክታትና ከሐዋርያት ሥራ ይነበባል፤ ከመዝሙረ ዳዊት የተመረጠው ምስባክ በዜማ ይሰበካል፤ በመጨረሻም ሕዝቡ ቆሞ ወንጌል ይሰማል፤ የየዕለቱን ንባብ የሚወስነው መጽሐፍ ግጻዌ ይባላል። እንዲህ ባለ ጥንቃቄ በዓመት ውስጥ ከቅዱሳት መጻሕፍት ብዙው ክፍል በአማኙ ጆሮ ያልፋል፤ ይሁን እንጂ የቆሎ ተማሪው በጉባኤ ቤት ያለውን የመጠየቅ መብት ገበሬው በዐውደ ምሕረት ላይ አያገኝም። ስብከቱን ያዳምጣል፤ እልልታውንና ጭብጨባውን ይሰጣል፤ ያልገባውን ይዞ ይመለሳል። ያልገባውን ይዞ የተመለሰ ሰው ደግሞ ቃሉን በአክብሮት ያኖረዋል እንጂ አይሠራበትም።

ላለመግባቱ አንዱ ምክንያት ቋንቋ ነው። በባንጃ ወይም በአንከሻ ገጠር የሚያድግ ልጅ በቤቱ የሚሰማው አውኚ ነው፤ አውኚ ከኩሽ ቋንቋዎች የአገው ክፍል የሆነ ቋንቋ ነው። ልጁ በቤተ ክርስቲያን ቅዳሴውን በግእዝ፣ ስብከቱንና አንድምታውን በአማርኛ ይሰማል። ሰባኪው በአማርኛ ስለ ይቅርታ ያስተማረው ጎልማሳ፣ ከሚስቱ ጋር ሲቀያየም የሚናገረው፣ ልጁን የሚቆጣው፣ ለሚሞት አባቱ የመጨረሻ ቃል የሚሰጠው በአውኚ ነው፤ ስለዚህ ስብከቱ ከሚደርስበት ስፍራና ጠቡ ከሚፈጠርበት ስፍራ መካከል መሻገሪያ ያስፈልጋል። ይህ ችግር የአዊ ብቻ አይደለም፤ የአማርኛ ተናጋሪውም በዘመኑ አልፎበታል። አቡ ሩሚ የተባለው ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት በካይሮ ተቀምጦ መላውን ቅዱስ መጽሐፍ ወደ አማርኛ መለሰ፤ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ1840 ተሟልቶ ታተመ፤ ከዚያ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተዘጋጀውና በ1954 ዓ.ም. የወጣው እትም በየቤቱ ገባ። ኦኔሲሞስ ነሲብም ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ የኦሮምኛውን ቅዱስ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1899 አሳተመ። አውኚ ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ በግእዝ ፊደል እየተጻፈ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቋንቋ ሆኗል፤ ከቅዱስ መጽሐፍም በአውኚ የሚነበብ ክፍል መቅረብ ጀምሯል፤ ስለዚህ የዛሬው የአዊ ልጅ ወንጌልን በእናቱ ቋንቋ ለማንበብ የሚያስፈልገው ችሎታ በእጁ አለ። ይህን ችሎታ ቤተ ክርስቲያን ሳትጠቀምበት ብትቀር ታላቅ ኪሣራ ይሆናል፤ ሰው አውኚውን ስለ ሰማ ግእዙን ይንቃል የሚለው ስጋት መሠረት የለውም፤ አባቶች ግእዙን በአማርኛ ሲተረጕሙ ግእዙ ከክብሩ ዝቅ አላለም።

ነገር ግን መረዳትም ብቻውን መቀበል አይደለም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 4 እንደሚነበበው የናዝሬት ሰዎች ጌታን ያዳመጡት በራሳቸው ምኵራብ፣ በሚያውቁት ቋንቋ፣ ከሚያውቁት ሰው አፍ ነበር፤ በአንደበቱም ጣዕም ተደነቁ፤ ነገሩ የእነርሱን ትምክሕት በነካ ጊዜ ግን ከተራራው ጫፍ ሊጥሉት ወሰዱት። የሰሙት ስላልገባቸው የተቃወሙ አይመስልም፤ ይልቁንም እጅግ ስለ ገባቸው ነው። ይህ ታሪክ ቃሉን ለረጅም ዘመን ለሰሙ ማኅበረሰቦች ሁሉ የተጻፈ ያህል ነው።

ጌታ ራሱ ይህን የመቀበልና ያለመቀበል ነገር ያስተማረው በዘሪው ምሳሌ ሲሆን፣ ምሳሌው ስለ አፈር ስለሆነ የአዊ ገበሬ ከማንም ይልቅ የሚያውቀው ነው። በመንገድ ዳር፣ በጭንጫ ላይና በእሾህ መካከል የወደቀው ዘር ለምን እንደ ጠፋ ለማየት ዐይን ይበቃል፤ የአዊ ደጋ ግን በዐይን የማይታይ ሌላ ዓይነት ሕመም ያለበት አፈር አለው፤ እርሱም አሲዳማ አፈር ይባላል። ዝናቡ ብዙ ስለሆነ እንደ ካልሲየምና ማግኒዥየም ያሉትን ንጥረ ነገሮች ለብዙ ዘመን እያጠበ ይወስዳቸዋል፤ የአሲድነት መለኪያው ከ5.5 በታች ሲወርድ በአፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም እየሟሟ የተክሉን ሥር ያሳጥራል፤ ገበሬው በውድ ዋጋ ገዝቶ የጨመረው የማዳበሪያ ፎስፈረስም ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ለተክሉ የማይደርስ ይሆናል። ማሳውን ከሩቅ ያየ ሰው ቀዩን አፈር፣ የደረሰውን ዝናብና በጊዜው የተዘራውን ገብስ አይቶ ዘንድሮ ጥጋብ ነው ይላል፤ ገብሱ ግን ቢጫ ሆኖ ከጉልበት ሳያልፍ ይቀራል። በዚህ ምክንያት በፋግታ ለኮማና በባንጃ ብዙ ገበሬዎች ማሳቸውን ዲከረንስ ለተባለው ዛፍ ሰጥተው፣ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ተክለው፣ ቀጥሎ ሣሩን አጭደው፣ ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ለከሰል ይቆርጡታል። እህል ለማብቀል የፈለገ ግን የተፈጨ ኖራ ከአፈሩ ጋር መደባለቅ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም መድገም አለበት። የግብርና ባለሙያው በዚህ ማሳ ላይ የዘሩን መጠን እጥፍ አድርግ ብሎ አይመክርም።

ከዚህ የሚገኘው ማስተዋል ለሰባኪያን የሚከብድ ነው። ጉባኤ በዝቶ፣ ድምፅ ማጉያ በየደብሩ ተተክሎ፣ ስብከት በየሰው ስልክ እየተጫነ በሚሰማበት ዘመን ኑሮው ካልተለወጠ፣ ሌላ ጉባኤ መጨመር ዘር መጨመር ነው። የተሰማውን ቃል የሚያስረው፣ እንደ ፎስፈረሱ አጣብቆ የሚያስቀረው ብዙውን ጊዜ በሌላ ሰው ላይ ያለ ያልተከፈለ ነገር ነው፤ ያልተመለሰ ገንዘብ፣ ያልታረቀ ደም፣ የተገፋ ወሰን። በሌላው በኩል የአዊ ክርስቲያን ይህን እስራት የሚፈታበት መንገድ ከአባቶቹ ወርሷል፤ በአሁኑ ጊዜ ጠቀሜታው ከሚገባው በታች የሚገመተውም ይህ ውርስ ነው።

ከዚህ ውርስ አንዱ ጽዋ ማኅበር ነው። ጽዋ ማኅበር ማለት በአንድ ቅዱስ ወይም በእመቤታችን ስም የተሰባሰቡ አባላት በየወሩ በበዓሉ ዕለት በተራ በየቤታቸው እየተገናኙ የሚጸልዩበት፣ የሚመገቡበትና ነዳያንን የሚያበሉበት ማኅበር ሲሆን፣ ሥርዓቱን የሚመራው አባል ሙሴ ይባላል። በዕለቱ ካህኑ ጸሎት ያደርሳል፤ እንጀራውና ጠላው ይባረካል፤ በመጨረሻም ጽዋው ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ይሰጣል፤ ተረኛውም በሁለት እጁ ተቀብሎ በዘመዶቹ ታጅቦ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። ከዚያ በፊት ግን ሙሴው በማኅበሩ መካከል የተቀያየመ እንዳለ ይጠይቃል፤ የተጣሉ ሁለት አባላት ካሉ ጽዋው ሳይዞር መታረቅ ይጠበቅባቸዋል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ ከወንድሙ ጋር አስቀድሞ እንዲታረቅ ለሰው የተሰጠው ትእዛዝ፣ ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሥጋ ለብሷል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቂም የያዘው ሰው ዝም ብሎ ሊቀመጥ አይችልም፤ አጠገቡ የተቀመጡት ያውቁታልና፤ ሦስተኛው ምስክር በዚያ ክፍል ውስጥ በአካል አለ።

ሁለተኛው የንስሐ አባት ነው። የንስሐ አባት ለአንድ ቤተሰብ ተመድቦ ኑዛዜ የሚቀበል፣ የሚመክርና ቀኖና የሚሰጥ ካህን ሲሆን፣ ቀኖና የሚባለው ለተናዘዘው ኃጢአት ካሣ ይሆን ዘንድ የሚታዘዘው ጾም፣ ስግደትና ምጽዋት ነው። በዚህ ላይ አንድ ቀጥተኛ ነገር መነሣት አለበት። በገጠር የሚፈጸመው በደል ብዙ ጊዜ ትንሽ በትንሽ የሚሠራ ነው፤ በሁለት ማሳዎች መካከል የተተወውን የሣር ወሰን አራሹ በየዓመቱ አንድ ትልም ብቻ ይነካዋል፤ በመጀመሪያው ዓመት ማንም አይነጋገርበትም፤ በአሥረኛው ዓመት ግን ወሰኑ ከቦታው ተነሥቶ የመበለቲቱ ማሳ ጠብቧል፤ የመሬት ይዞታ ደብተሩም ይህን አልፎ አልፎ ብቻ ያድነዋል። በኦሪት ዘዳግም የባልንጀራን ወሰን ማፍለስ በእርግማን የተከለከለ ነው። ይህ ሰው በዐቢይ ጾም 55ቱን ቀን ጾሞ፣ የታዘዘለትን ስግደት ቆጥሮ ቢፈጽም፣ መሬቱን ግን ሳይመልስ ቢቀር ንስሐው ምን ሆነ? ስግደት ይቆጠራል፤ ትልም መመለስ ግን ያሳፍራል፤ ሽማግሌ ጠርቶ ገመድ መጣልን፣ በጎረቤት ፊትም መቆምን ይጠይቃልና። ስለዚህ የንስሐ አባት ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ሁሉ የላቀው፣ መለስህ ወይ የሚለው ነው። ይህንኑ ለከተማውም መናገር ይቻላል፤ በዳንግላ ወይም በእንጅባራ ሕንፃ የሚያሠራ ባለሀብት የቀን ሠራተኞቹን ምንዳ እያቆየ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ቢሰጥ፣ የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 የዚያን ምንዳ ጩኸት ወደ ሠራዊት ጌታ ጆሮ እንደሚያደርሰው ያስጠነቅቃል።

በደም የተጣሉትን ማስታረቅ ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። በአገው ምድር ሽማግሌዎችና ካህናት መስቀል ይዘው በገዳይና በሟች ወገን መካከል እየተመላለሱ ዕርቅ ያወርዳሉ፤ የሰባቱ ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበርም፣ በ1932 ዓ.ም. የዐድዋ ጀግኖችን ለመዘከር የተመሠረተውና በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን የሚያከብረው፣ ከፈረስ ጉግሱ ባሻገር አባላቱን በመረዳዳትና በማስታረቅ የሚታወቅ ነው። ፈረሱንና ሽልማቱን ለማየት የሚመጣው እንግዳ ይህን ሁለተኛውን ሥራ ሳያይ ይመለሳል።

ባልንጀራ የሚለው ስም እስከ ማን ድረስ እንደሚዘልቅ በቅርብ ዓመታት የዞኑን ሕዝብ የፈተነ ጥያቄ ነው። በ2013 ዓ.ም. በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በመተከል ዞን ከደረሰው ጥቃት የሸሹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በዞኑ ወዳለችው ወደ ቻግኒ መጥተው ራንች በተባለው ስፍራ በድንኳን ሰፈሩ፤ የአካባቢው ነዋሪም እህሉንና ልብሱን አካፈለ፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 እንግዳን ስለ መቀበል የተነገረው ቃል ለቻግኒ ሰው በዚያን ጊዜ የስብከት ርእስ ብቻ አልነበረም። የዚህን ደግነት ክብር ሳይቀንሱ ከእርሱ የሚከብደውን ማንሳት ያስፈልጋል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2011 ዓ.ም.፣ በመተከልና በአዊ አዋሳኝ፣ በጃዊ ጭምር በተነሣው ግጭት ከጉሙዝም፣ ከአገውና ከአማራም ወገን ሰላማውያን ሰዎች ሞተዋል። የራስን ወገን ተፈናቃይ ማብላት ታላቅ ነገር ነው፤ የመልካሙ ሳምራዊ ምሳሌ ግን የተነገረው በጠላትነት ከሚተያዩ ሁለት ሕዝቦች መካከል ስለ ተነሣ ሰው ነው፤ ስለዚህ በአዊ ቤተ ክርስቲያን ይህ ምሳሌ ሲነበብ ሰባኪው የጉሙዝን ስም ሳይጠራ ካለፈ ምሳሌውን ግማሹን ብቻ ሰብኳል። ባለፉት ዓመታት በመላው የአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ቤት ለቤት ኀዘን ባደረሰበት በዚህ ወቅትም፣ ስለ ጠላት መጸለይ የሚያዘው ቃል ከመቼውም ይልቅ ውድ ዋጋ የሚያስከፍል ሆኗል፤ ልጁን ለቀበረ አባት ይህን ቃል የሚያነብለት ሰው አስቀድሞ ከእርሱ ጋር ለቅሶ መቀመጥ ይኖርበታል።

ይህ ሁሉ የሚሠራበት መድረክ ዝግጁ ሆኖ በየደብሩ አለ፤ ሰንበቴ ነው። ሰንበቴ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባላቱ በተራ ያመጡትን ዳቦና ጠላ ካህናትና ነዳያን ጨምረው በአጥቢያው ቅጥር የሚካፈሉበት ማኅበር ነው፤ በብዙ ስፍራም ጸሎቱ ተደርሶ፣ ምግቡ ቀርቦ፣ ወሬው ወደ ገበያና ወደ ዝናብ ይዞራል። በመደበኛ ትምህርት ቤት አውኚ ማንበብ የተማረ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት በዚያ ሰዓት ግጻዌው ያዘዘውን የዕለቱን ወንጌል በአውኚ ቢያነብ፣ ከካህናቱ አንዱ ያልገባው ይጠይቅ ብሎ ቢፈቅድ፣ ሴቶችም ከጓዳ ወጥተው ከጠያቂዎቹ መካከል ቢሆኑ፣ ከሽማግሌዎቹም ሁለቱ በዚያው ሳምንት የሚታዩ የወሰን፣ የብድርና የምንዳ ነገሮችን እንዲይዙ ቢደረግ፣ ካህኑ በሚቀጥለው ሰንበት ጸሎቱን ከመጀመሩ በፊት ያለፈው ሳምንት ነገር ከምን እንደ ደረሰ መጠየቅ ይችላል።